ስለ «ሳቅ» ቃል በተለምዶ የሚነገሩ ስህተቶች

«ሳቅ ከድምፁ የወጣ ቃል ነው።»
አይደለም። ከድምፅ የወጡትማ «ከት ከት»፣ «ካካ»፣ «ተንከተከተ» ናቸው፤ ጆሮ ራሱ ይመሰክራል። «ሳቀ» በግዕዝ «ሠሐቀ» ነው። አማርኛ መሃል ላይ ያለችውን ሐ መዋጥ ልማዱ ነውና ጸሐፈ ጻፈ፣ ሰሐበ ሳበ እንደሆነ ሁሉ ሠሐቀም ሳቀ ሆኖ ቀረ። ትግርኛ ግን ሐን ሳይጥል ዛሬም «ሰሓቐ» ይላል።

«ከዕብራይስጥ ወይም ከዐረብኛ የተዋስነው ነው።»
ይሄ ዘመድን ከአበዳሪ ማምታታት ነው። የዕብራይስጡ «ጻሐቅ» እና የዐረብኛው «ደሒከ» አማርኛና ግዕዝም የሚገኙበት የዚያው የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ ቃላት ናቸው።

«ይስሐቅ የተባለው ሣራ ስለሳቀች ነው።»
ይህን የማይደግም ሰው ጥቂት ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 17ን ገልጦ ማየት ግን ይበቃል። ቀድሞ የሳቀው አብርሃም ነው፤ ያውም በግንባሩ ተደፍቶ፣ የመቶ ዓመት ሽማግሌና የዘጠና ዓመት ሴት ሊወልዱ ነው ብሎ። ከሁለት ቁጥር በኋላ የልጁ ስም ወጣ። ሣራ በድንኳኑ ውስጥ ሆና በልቧ የሳቀችው በምዕራፍ 18 ነው፤ ስሙ ከተነገረ በኋላ ማለት ነው። እሷ ግን ተጠየቀች፣ ፈርታ «አልሳቅሁም» አለች፣ ወቀሳውም እስከ ዛሬ በእሷ ላይ ቀረ። አብርሃምንስ ስለ ሳቁ ማን ጠየቀው?

የስሙ ትርጉም «ይስቃል» ማለት ነው። ግሱ ግን ከሳቅም ይሰፋል፦ በምዕራፍ 26 አቢሜሌክ በመስኮት ሲመለከት ይስሐቅ ከርብቃ ጋር «ሲጫወት» አየው ይላል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ። በዕብራይስጡ እዚያ ያለው ይኸው የስሙ ግስ ነው።

«ሳቅ ማለት ደስታ ማለት ነው።»
ቢሆንማ «ሳቀለት» እና «ሳቀበት» ባልተራራቁ። አንዷ ፊደል ወዳጁን ከአላጋጩ ትለያለች። ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲያመልጠን «ጥርስ ባዳ ነው» የምንለውም ያለ ነገር አይደለም። በ1962 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በታንጋኒካ፣ ዛሬ ታንዛኒያ፣ ካሻሻ በተባለ ቦታ በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት በሦስት ልጆች የጀመረ ሳቅ ወደ 95 ተማሪዎች ተዛመተና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወሬው «ለወራት ሳቁ» እያለ ያጋንነዋል፤ ሳቁ እየመጣ እየሄደ፣ ከለቅሶና ከመቁነጥነጥ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ብዙዎቹ አጥኚዎች የጭንቀት ወረርሽኝ ይሉታል እንጂ የደስታ አይሉትም።

«ሣቅ ብሎ በንጉሡ ሠ መጻፍ ስህተት ነው።»
እንዲያውም ከግዕዙ ሥር ጋር የሚስማማው እሱ ነው። በእሳቱ ሰ «ሳቅ» ብሎ መጻፍም ዛሬ የተለመደ ነው፤ እኔም የጻፍኩት በእሱ ነው።