ተሰርቆ የተገኘ መኪና በመንግሥት አካል ሲወገድ ባለቤቱ ያለው መብት

የተሰረቀ መኪና ፖሊስ እጅ ስለገባ ባለቤቱ አይቀየርም። ሌባ የሌለውን መብት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም፤ ፖሊስም መኪናውን የሚይዘው በአደራና በማስረጃነት ነው። ክርክር የሚነሳው የያዘው አካል መኪናውን በሐራጅ ሲሸጠው፣ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሲያስወግደው ወይም ለራሱ ሥራ ሲያውለው ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት «ባለቤቱ አልታወቀም» የሚል ነው። እርግጥ ሌቦች ሰሌዳ ይቀይራሉ፣ የሻንሲ ቁጥር ይፍቃሉ፣ ከተጋጨ መኪና የተቆረጠ ቁጥር ይበይዳሉ። ነገር ግን በፊደልና በአኃዝ የተዋቀረው ባለ 17 ምልክት መለያ (የሻንሲ ቁጥሩ) ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ይገኛል፤ ሞተሩም የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚታመቅ፣ የተፋቀው ቦታ በአሲድ ሲታከም የጠፋው ቁጥር መልሶ ሊታይ ይችላል። ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖልም የተሰረቁ ተሽከርካሪዎች የመረጃ ቋት አለው። ስለዚህ ባለቤቱ ከሽያጩ በፊት ምን ምን እንደተመረመረ ሊጠይቅ ይገባዋል። አንድ ጊዜ ሰሌዳ አይቶ መዝገብ መዝጋት ፍለጋ አይባልም።

ባለቤቱ ከታወቀ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ማስታወቂያው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 በሰጠው ውሳኔ፣ የሰው ንብረት የሚነካ ማስታወቂያ ባለመብቱ ዘንድ ይደርሳል ተብሎ በቅንነት የሚታሰብ ዓይነት መሆን እንዳለበት ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይኸው ፍርድ ቤት አንድ እርምጃ ጨመረ፦ የተላከው ደብዳቤ ተቀባይ አጥቶ ከተመለሰ፣ መንግሥት ከመሸጡ በፊት ሌላ ሊሠራ የሚችል መንገድ መሞከር አለበት። ክርክሩ በቤት ላይ ቢሆንም ምክንያቱ ለመኪናም ይሠራል። ደብዳቤው እንዳልደረሰ እያወቀ ወደ ሐራጅ የሚሄድ ባለሥልጣን ግዴታውን ተወጥቷል ማለት አይቻልም።

መኪናው ከተሸጠ በኋላ ማስመለስ ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ሕጎች ይለያያሉ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና የገዛ ሰው እንኳ ባለቤት አይሆንም፤ በሕዝብ ሐራጅ የተገዛ ዕቃ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። የፈረንሳይ ሕግ ለተሰረቀበት ሰው ንብረቱን የሚጠይቅበት 3 ዓመት ይሰጠዋል፤ ገዥው ከገበያ፣ ከሕዝብ ሽያጭ ወይም ያንን ዓይነት ዕቃ ከሚነግድ ሰው ገዝቶት ከሆነ ግን ባለቤቱ ንብረቱን ለማግኘት ገዥው የከፈለውን ዋጋ ሊመልስለት ይገባል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው ሕግ ፖሊስ እጅ ያለ ንብረት ለማን እንደሚመለስ ፍርድ ቤት እንዲወስን ያደርጋል፤ ንብረቱን በዚያ ትእዛዝ የተረከበውን ሰው መክሰስ የሚቻለው በ6 ወር ውስጥ ብቻ ነው። በየትኛውም አገር ቢሆን መዘግየት መብት ያሳጣል፤ ከሽያጩ በፊት የሚቀርብ የእግድ ጥያቄም ከሽያጩ በኋላ ከሚቀርብ ክስ ይቀላል።

መኪናውን ማስመለስ ካልተቻለ ጥያቄው ወደ ገንዘብ ይዞራል። ሽያጩ ሕጋዊ ከሆነ፣ ብዙ ሕጎች ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ለባለቤቱ እንዲሰጥ ወይም ለተወሰነ ጊዜ በስሙ እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። ሥርዓቱ ከተጣሰ ግን ባለቤቱ በሐራጁ ዋጋ ሊወሰን አይገባም፤ ተገቢው የካሣ መለኪያ መኪናው በተወገደበት ጊዜ የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ቁልፍ የሌለው፣ ለወራት ፀሐይና ዝናብ ላይ የቆመ መኪና በሐራጅ የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣው የማቆያ ክፍያ ነው። በብዙ ቦታዎች መኪናው መገኘቱ ሳይነገረው የቆየ ሰው ለቆመበት ለእያንዳንዱ ቀን እንዲከፍል ይጠየቃል፤ ካልከፈለ ዕዳው ራሱ ለሽያጭ ምክንያት ይሆናል። የተሰረቀን ሰው በስርቆቱ ምክንያት ማስከፈል ፍትሕ አይደለም። ቢያንስ ማስታወቂያ ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ እንዳይታሰብበት መከራከር ይገባል። መኪናው ለማስረጃ በሚል የሚቆይ ከሆነም፣ ፎቶግራፍና የባለሙያ ሪፖርት በቂ ስለሚሆንበት ሁኔታ ዐቃቤ ሕግን ወይም ፍርድ ቤቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

ኢንሹራንስ ካሣውን ሙሉ በሙሉ ከከፈለ ጠያቂው ሊቀየር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በውሉ መሠረት የመኪናው መብት ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያው ይዞራል፤ የሐራጁን ትርፍ የሚጠይቀውም እርሱ ይሆናል። ካሣው የጉዳቱን ከፊል ብቻ ሸፍኖ ከሆነ ግን ባለቤቱ በቀረው ላይ ያለው ድርሻ እንዳይዘነጋ፣ ሊብሬውን ከማስረከቡና የማስተላለፊያ ሰነዱን ከመፈረሙ በፊት ድርሻው በጽሑፍ እንዲሰፍርለት ማድረግ አለበት።