ማይንክራፍትን ብቻን መጫወት፦ የሚባለውና እውነታው

"ብቻህን? ታዲያ ምኑ ይጥማል?" ማይንክራፍት እንደምጫወት የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። ለማያውቁት፣ ጌሙ ከኪዩብ በተሠራ ዓለም ውስጥ እየቆፈሩና እንጨት እየቆረጡ የፈለጉትን የሚገነቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ወጣ፤ እስከ 2023 ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ብቻን ስለመጫወት ግን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ።

"ብቻውን የሚጫወተው ጓደኛ ስላጣ ነው"

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ጓደኞች አሉኝ፤ አብረንም ተጫውተናል። ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ብዙ ሰው በጋራ በሚጫወትበት ዓለም ውስጥ፣ ግን ዓለሙ እኔ ሳልኖርም ይቀጥላል። ሁለት ቀን ጠፍቼ ስመለስ ጋራው ተንዶ፣ ድልድዩ ተሠርቶ አልቆ ይጠብቀኛል። ብቻዬን ስሆን ጌሙን ስዘጋው ጊዜውም አብሮ ይቆማል። የዘራሁት ስንዴ አንዲት ጣት አያድግም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዘግቼ ከሦስት ወር በኋላ ብከፍተው፣ ፀሐይዋ እዚያው ናት። ማንም አልቀደመኝም። ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

"ዘንዶውን ከገደልክ አለቀ"

ኤንደር ድራጎን የሚባል ዘንዶ አለ፤ እውነት ነው። ከገደልከው በኋላ ረጅም ጽሑፍ ይወርዳል፣ የፊልም መጨረሻ ይመስላል። ከዚያስ? አልጋህ ጋ ትመለሳለህ። ቤትህም፣ ሳትጨርሰው የሄድከው ጣሪያም እንዳለ ነው። ዓለሙ ከመሃሉ በየአቅጣጫው 30 ሚሊዮን ብሎክ ያህል ይዘልቃል፤ አንዱ ብሎክ አንድ ሜትር ነው። ከርት ጄ ማክ የተባለ አሜሪካዊ በ2011 በእግሩ ጉዞ ጀመረ። በድሮው የጌሙ ስሪት ከመሃል ከ12 ሚሊዮን ብሎክ በላይ ርቆ መሬቱ ቅርጹን የሚያጣበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ለመድረስ አንድ ለማዳ ተኩላ አስከትሎ ለዓመታት ተራመደ። በጉዞው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ አሰባስቦበታል። ዘንዶው ትዝ ያለው አይመስለኝም።

"የልጆች ድንጋይ መደርደሪያ ነው"

ልጆች ይወዱታል፣ ጥሩ ነው። ግን ሬድስቶን የሚባለውን ቀይ ዱቄት አንዴ ሞክሩት። መሬት ላይ ሲዘረጋ እንደ ሽቦ ምልክት ያስተላልፋል፤ 15 ብሎክ ከሄደ በኋላ ይጠፋል፣ ከዚያ ማጠናከር ያስፈልጋል። በዚሁ ዱቄት የሂሳብ ማሽን የሠሩ አሉ። እኔ በራሱ የሚከፈት በር ለመሥራት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ሲከፈት ከወንበሬ ተነሥቼ ጮህኩ።

"ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም" የሚሉም አሉ። አንዴ ወርዶ በአካውንት ከተገባበት በኋላ ለብቻ ሲጫወቱት ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ጥቅል ሲያልቅም፣ መብራት ሄዶ የላፕቶፑ ባትሪ ብቻ ሲቀርም ተጫውቼዋለሁ።

"ዝምታው ይደብራል"

ዝምታው አለ፤ አልክድም። ብዙ ደቂቃ የሚሰማው የራስ እርምጃና የዶማው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ሳይታሰብ ቀስ ያለ ፒያኖ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ዜማዎች የሠራው ዳንኤል ሮዘንፌልድ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ቁፋሮዬን ትቼ የማዳምጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

በጣም በቆየው ዓለሜ ውስጥ የመጀመሪያዋ ቤቴ አለች። ሲመሽብኝ በጥድፊያ ከአፈር የሠራኋት ናት፤ በር እንኳን የላትም። ከጎኗ ትልቅ የድንጋይ ቤት ከሠራሁ ቆየሁ፣ እሷን ግን አላፈረስኳትም። ጣሪያዋ ላይ ችቦ አለ። ማታ ከጉድጓድ ስወጣ ከሩቅ የሚታየኝ እሱ ነው።