የኔቡላ ፎቶግራፍ በአማተር ቴሌስኮፕ

ኔቡላ በከዋክብት መካከል የተንሳፈፈ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። አንዳንዱ የከዋክብት መወለጃ ነው። ሌላው ያረጀ ኮከብ የተፋው ቅሪት ነው። ይህን ደመና በቴሌስኮፕና በካሜራ ለሰዓታት እየተከተሉ በምስል ማስቀረት ዛሬ በአብዛኛው የአማተሮች፣ ማለትም ለፍቅሩ እንጂ ለእንጀራ የማይሠሩ ሰዎች ሥራ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ ቴሌስኮፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ፎቶ ላይ ያየው ቀይና ሰማያዊ የለም። የሚያየው ከቡና ሲኒ ላይ እንደተነሳ እንፋሎት ያለ ግራጫ ነገር ነው። ዕቃው አልተበላሸም። ዓይናችን በጨለማ ቀለም መለየት ይሳነዋል፣ ቀይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ያየውንም ብርሃን አያጠራቅምም። ካሜራ ግን ያጠራቅማል።

ቀዩ የሃይድሮጅን ነው፤ የብርሃኑ ሞገድ 656.3 ናኖሜትር ነው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ የኦክስጅን ነው፤ እሱ 500.7 ላይ ይገኛል። ሰባቱ ከዋክብት በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ዙሪያ የሚታየው ሰማያዊ ደግሞ አቧራ የመለሰው የከዋክብቱ ብርሃን ነው። የኦክስጅኑ ነገር ብዙ አደናግሯል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ በ1864 የአንድ ኔቡላን ብርሃን ሲመረምር ያልታወቀ አረንጓዴ መስመር አገኘ። ምድር ላይ የሌለ ንጥረ ነገር ነው ተባለና ኔቡሊየም የሚል ስም ወጣለት። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን አሜሪካዊው አይራ ቦወን ያስረዳው በ1927 ነው። ለ60 ዓመት የሌለ ነገር ስም ይዞ ኖረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶ የተነሳው መስከረም 30 ቀን 1880 ነው። ያነሳው ኒውዮርክ አጠገብ ሄስቲንግስ የግል የሰማይ መመልከቻ ማማ የነበረው ሄንሪ ድሬፐር ነው። የሕክምና ዶክተርና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ሥነ ፈለክ ግን እንጀራው አልነበረም። ስለዚህ ከእኛው ከአማተሮቹ ወገን እንቆጥረዋለን። ባለ 28 ሴንቲሜትር ሌንስ ቴሌስኮፑን ወደ ኦሪዮን ኔቡላ አዙሮ 50 ደቂቃ ገደማ ጠበቀ። በ1882 መጋቢት ላይ ደግሞ 137 ደቂቃ ከፍቶ የተሻለ ምስል አገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ45 ዓመቱ ሞተ።

ዱላውን የተቀበለው የለንደኑ አንድሩ ኮመን ነው። ኮመን የፍሳሽና የጽዳት መሐንዲስ ነበር። ኢሊንግ በሚገኘው ቤቱ ጓሮ 91 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መስታወት ተክሎ በ1883 ኦሪዮን ኔቡላን አነሳ። በዚያው ቴሌስኮፕ ዓይን ሊያያቸው የማይችላቸው ከዋክብት በምስሉ ላይ ወጡ። ካሜራ ከዓይን እንደሚበልጥ የታየው ያኔ ነው። የንጉሣዊው አስትሮኖሚ ማኅበር በ1884 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ቴሌስኮፑ ተሽጦ ኋላ ካሊፎርኒያ ሊክ ኦብዘርቫቶሪ የተባለው የሰማይ መመልከቻ ተቋም ገባ። ከጓሮ ተነስቶ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው አይዛክ ሮበርትስ የሕንፃ ተቋራጭ ነበር። በ1888 የአንድሮሜዳን ጠመዝማዛ ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶ አወጣው። እሱ ራሱ ያየው እየተወለደ ያለ የፀሐይ ቤተሰብ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን ሙሉ ጋላክሲ ነው። ምስሉ ትክክል፣ ትርጉሙ ስህተት።

የፈረስ ራስ የሚባለውን ጥቁር ኔቡላ ያገኘችው ዊልያሚና ፍሌሚንግ ናት፤ በ1888 ሃርቫርድ በተነሳ የመስታወት ፎቶ ላይ። ፍሌሚንግ ቀድሞ የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ የኤድዋርድ ፒከሪንግ የቤት ሠራተኛ ነበረች። በኋላ የወጣው መዝገብ ግኝቱን ለፒከሪንግ ሰጠው። አንዳንዱ የአሠራር ልማድ ነው ይላል። ለእኔ ግን በደል ነው።

ከዚያ በኋላ ረጅም የፊልም ዘመን መጣ፤ ፊልሙን ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ ስሜቱን ማሳደግ ሳይቀር ተለመደ። በ1969 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሲሲዲ የተባለው የብርሃን መቀበያ ተፈጠረ፤ ፈጣሪዎቹ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ2009 ኖቤል ተሸለሙበት። አማተሩ እጅ ሲገባ ፊልም አበቃለት።

ያኔ አማተሮች ማንሳት ብቻ ሳይሆን ማግኘትም ጀመሩ። በ2004 ጥር ላይ ጄይ ማክኒል ኬንታኪ ከሚገኘው ቤቱ፣ 7.6 ሴንቲሜትር ሌንስ ባላት ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ቡድን ውስጥ በድንገት የበራ ኔቡላ አገኘ። አሁን በስሙ ይጠራል። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ አማተሮች የተሳተፉበት ቡድን አንድሮሜዳ አጠገብ የተዘረጋ ግዙፍ የኦክስጅን ቅስት ይፋ አደረገ። አንድሮሜዳን ስንት ትልልቅ ቴሌስኮፕ አይቶት ነበር! ቅስቱ ከጋላክሲው ጋር የተያያዘ ነው ወይስ እዚሁ ሰፈራችን ያለ ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ።

አሠራሩ ላይ ገንዘቡን የሚበላው ቴሌስኮፑ ሳይሆን ማውንት የሚባለው ተሸካሚው ነው። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ማውንቱ እኩል ካልዞረ ኮከቡ ሰረዝ ሆኖ ይወጣል። ካሜራው አንድ ረጅም ምስል አያነሳም። ለምሳሌ ባለ 3 ደቂቃ 80 ምስል ይነሳና በኮምፒውተር ይደራረባል፤ ድምሩ 4 ሰዓት ነው። ሂሳቡ ጨካኝ ነው፦ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ ጊዜውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የካሜራውን የራሱን ጉድፍ ለመቀነስ መክደኛው ሳይነሳ የሚወሰዱ የጨለማ ምስሎችም አሉ። ንጋት ላይ ደግሞ ነጭ ቲሸርት የቴሌስኮፑ አፍ ላይ ወጥሮ ዕቃው ላይ ያረፈውን የአቧራ ጥላ ማንሳት አለ። ሲሪል የተባለው መደራረቢያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው።

የምስል ትኩረት (ፎከስ) ላይ ቀልድ የለም። አንድ ሌሊት ሱሉልታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳነሳ አድሬ ከዋክብቱ እንደ ቦምቦሊኖ መሐላቸው ተበስቶ ወጡ። ትኩረቱ መጀመሪያውኑ ሸርተት ብሎ ነበር። መድኃኒቱ ሩሲያዊው አማተር ፓቬል ባህቲኖቭ በ2005 ያወጣው ጭምብል ነው። ካርቶን በመስመር በመስመር ተቆርጦ አፉ ላይ ሲደረግ ኮከቡ ላይ ኤክስና አንድ መሐል ሰንጣቂ መስመር ይታያል። መስመሩ ልክ መሐል ሲገባ ትኩረቱ ገባ ማለት ነው። የእኔው ከጫማ ካርቶን የተሠራ ነው።

ቀለሙ እውነት ነው ወይ የሚለው ክርክር አያልቅም። ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 ያወጣው የ«ፍጥረት ዓምዶች» ምስል ሰልፈርን ቀይ፣ ሃይድሮጅንን አረንጓዴ፣ ኦክስጅንን ሰማያዊ አድርጎ ነው። ሃይድሮጅን በተፈጥሮው ቀይ ስለሆነ ይህ የሚያስቆጣው ሰው አለ። ብርሃኑ እውነተኛ ነው፤ ቀለሙ ምርጫ ነው። እንዲህ መደረጉ ከተጻፈ ነውር አይመስለኝም። ሶፍትዌር ከራሱ ፈጥሮ የሚጨምረው ዝርዝር ግን ማጭበርበር ነው።

አገራችን ለዚህ ሥራ ቦታዋ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ኦሪዮን ኔቡላ ለንደን ላይ ከአድማሱ 33 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሲወጣ እዚህ 75 ይደርሳል። አውሮፓውያን ከአገራቸው የማያዩት የካሪና ኔቡላ በደቡብ በኩል 21 ዲግሪ ከፍ ይልልናል። ችግሩ የሰሜን ኮከብ ነው። ማውንቱ የሚስተካከለው በእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ተደፍቷል። እንጦጦ ሥር ላለ ሰው ተራራው ራሱ ሊጋርደው ይችላል። እንጦጦ አናት ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የከተማው መብራት ግን እያደገ ነው። አማተር ከመብራት የሚያመልጠው የሃይድሮጅንና የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው።

ወቅቱም ሁሌ አይመችም። ኦሪዮን የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፤ ጋቢ መያዝ ብቻ ነው። ሳጂታሪየስ በሚባለው የከዋክብት ቡድን ውስጥ ያለው የላጉን ኔቡላ ግን በደህና ሰዓት የሚወጣው በክረምት ነው፣ ዶፉ መሐል። በሚያዝያና በግንቦት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሳ ሰው ይደርስበታል። ደመናው ከቀደመው የሚቀጥለው ዓመት ነው።