ድርቅ ቻይ ዘር ብቻውን አያድንም፦ ስለ በቆሎና ስለ ዝናብ እጥረት የሚነገሩ ስህተቶች

ዝናቡ መዋዠቅ ከጀመረ ወዲህ በቆሎ በሚመረትበት ቆላና ወይና ደጋ ሁሉ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «ድርቅ የሚችል ዘር ይምጣልን እንጂ ሌላው ቀላል ነው።» ገበሬው ይለዋል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ የግብርና ባለሙያውም ይለዋል። በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት ስህተቶች አሉ፤ ሁለቱም ማሳ ላይ ዋጋ ያስከፍላሉ።

አንደኛው ቶሎ ደራሽን ከድርቅ ቻይ ጋር ማደባለቅ ነው። ቶሎ ደራሽ ዝርያ ድርቁን አይቋቋምም፤ ዝናቡ ከመውጣቱ በፊት ደርሶ ያመልጠዋል እንጂ። ቶሎ ደራሹ የበቆሎ ዝርያ መልካሳ-4 በ105 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ቢኤች-540 ወደ 145 ቀን ይፈልጋል (ከፍታው ሲጨምር ሁለቱም ይዘገያሉ)። እንግዲህ በስምጥ ሸለቆ የበልጉ ዝናብ በጊዜው ገብቶ ሚያዝያ 1 ቀን መልካሳ-4 ተዘራ እንበል። የሚያብበው ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ በልጉ ወጥቶ ክረምቱ ገና ሳይገባ ነው። የሚደርሰው ደግሞ ሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰዓት ነው፤ ፍሬውን የያዘው ራስ ውስጥ ውኃ ገብቶ ይሻግታል። በዚያው ቀን የተዘራ ቢኤች-540 ግን ነሐሴ መጨረሻ ደርሶ መስከረም ላይ ይደርቃል። ነገሩ የሚገለበጠው በልጉ ሲቀር ነው። ሰኔ 25 የተዘራ ቢኤች-540 ፍሬ የሚሞላው መስከረም ውስጥ፣ ዝናቡ እየወጣ ሳለ ነው። በዚያው ቀን የተዘራ መልካሳ-4 ግን ነሐሴ ላይ በሙሉ እርጥበት አብቦ ጥቅምት መጀመሪያ ይደርሳል። ስለዚህ «የትኛው ዘር ይሻላል?» ከማለት በፊት «ዘንድሮ ስንት ቀን ቀረኝ?» ብሎ መቁጠር ይገባል። ሁለቱንም ዓይነት ዘር ቀድሞ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ የበለጠ ይመረጣል።

ሁለተኛው ስህተት ቻይ ማለት ውኃ የማይፈልግ ማለት ነው ብሎ ማሰብ ነው። በቆሎ በጣም የሚጎዳው ከአበባው በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ግድም ነው። ጥም ሲይዘው ጫፉ ላይ ያለው ወንዴ አበባ በሰዓቱ ብናኙን ይረጫል፤ ፍሬ የሚይዘው ራስ ጸጉር (ሴቴ አበባው) ግን ይዘገያል። ጸጉሩ ሲወጣ ብናኙ አልቋል። ፍሬው የተበታተነ ወይም ባዶ ቆረቆንዳ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ድርቅ ቻይ ዝርያ ማለት በሁለቱ መካከል ያለው መዘግየት ያጠረለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት በሞቃት ቦታ ተክሉ አሁንም በቀን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውኃ ይጠጣል። ያ ውኃ ከአፈሩ ካልተገኘ ከዘሩ አይመጣም።

አፈሩ ውስጥ እንዲኖር ደግሞ ማስቀረት ያስፈልጋል። አንድ ቀን የጣለ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 300 ሺህ ሊትር ነው፤ ላበበ በቆሎ አራት ቀን ያህል ይበቃል። ግማሹ ጎርፍ ሆኖ ከሄደ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሽልሻሎ በምታደርጉበት (በመስመሮቹ መካከል በማረሻ በምትኮተኩቱበት) ጊዜ፣ በቆሎው ጉልበት ሊደርስ ሲል፣ በመስመሮቹ መካከል የተከፈተውን ቦይ በየ3 እስከ 5 ሜትሩ በአፈር ዝጉት። መዝጊያው በቆሎው ከቆመበት መደብ ዝቅ ይበል፤ እኩል ከሆነ ብዙ ሲዘንብ ውኃው መደቡን ሰብሮ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከመጀመሪያው የባሰ ቦረቦርም ያወጣል። ውኃ በሚተኛበት መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ በቆሎ እግሩ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቀን ከቆየ ቢጫ ይሆናል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚረሳ ነገር ከእርሻው ስር ያለው ጠንካራ የአፈር ንጣፍ ነው። ማረሻ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥልቀት ላይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ሲመላለስ ከስሩ ያለውን አፈር ይጠቀጥቀዋል። ሥሩ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ እስከ አንድ ሜትር ወርዶ ሊጠጣው የሚችለው ውኃ ከስሩ እያለ ይጠማል። አፈሩ እርጥብ ሳለ ሹል ብረት ውጉበት፤ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ካስቸገረ ንጣፉ አለ ማለት ነው። መስመሩ የሚዘራበትን ብቻ ጠለቅ አድርጎ መስበር ይበቃል።

ሌሎችም የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አባባሎች አሉ። «የመጀመሪያው ዝናብ አያምልጥ።» የመጀመሪያው ዝናብ ብዙ ጊዜ የውሸት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ጥሎ ሁለት ሳምንት ከጠፋ ዘሩ በቅሎ ይሞታል፤ በሄክታር 25 ኪሎ ዘር ድጋሚ መግዛት ይመጣል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን 20 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪጥል ጠብቁ። መለኪያ የሌለው 20 ሳንቲ ሜትር ይቆፍር፤ ከጉድጓዱ ታች የወጣው አፈር ሲጨበጥ ተጣብቆ ከቀረ ይዘራ፣ ከተበተነ ይጠብቅ።

«ወፈር አድርገን ከዘራን ቢያንስ ከፊሉ ይተርፋል።» አይተርፍም፤ ያለውን ውኃ ተሻምተው ብዙዎቹ መካን ይሆናሉ። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር በሄክታር 44 ሺህ ተክል ይሰጣል፤ እርጥበት ለሚያጥርበት ቦታ በቂ ነው።

«ዝናብ ሲያጥር ዩሪያ ያቃጥላል።» የሚያቃጥለው አደራረጉ ነው። አፈር ሳይለብስ ላዩ ላይ ከተበተነ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል፤ ግንዱ ስር ከተከመረ ሥሩን ይጎዳል። ጭራሽ መተው ደግሞ ሥሩን አጭር፣ ተክሉን ይበልጥ ጥም የማይችል ያደርገዋል። አንድ ሦስተኛውን በዘር ጊዜ ከዘሩ ለየት አድርጋችሁ ስጡ። የቀረውን ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከግንዱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አፈር አልብሱት። ዝናቡ በዚያን ጊዜ ከጠፋ ሁለተኛውን ያዙት፤ ገንዘቡ ኪሳችሁ ይቀራል።

«ከራሴ ማሳ የያዝኩት ዘር ያው ነው።» መልካሳ-2ና መልካሳ-4 በነፃ የሚዳቀሉ ስለሆኑ ከማሳው መሀል እየመረጡ እስከ ሦስት ዓመት መያዝ ይቻላል። ቢኤች-540 ግን ዲቃላ፣ ማለትም ሆን ተብለው ከተመረጡ ወላጆች የተዳቀለ ዘር ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ምርቱ በግልጽ ይወርዳል።

«ተምቹን ዝናቡ ያጥበዋል።» ከየካቲት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ አገር ውስጥ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በበቆሎው እምብርት (ከላይ በተጠቀለለው ለጋ ቅጠል) ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳውን ዙሩ፤ ትሉ ትንሽ ሳለ በእጅ ይለቀማል፣ መድኃኒትም የሚደርስበት ያኔ ነው። ካደገና እምብርቱን በፍግ መሰል እዳሪው ከደፈነ በኋላ የሚረጨው ከላይ ይቀራል።