አዳማና ፋብሪካዎቿ

አዳማን ብዙ ሰው የሚያውቃት በስብሰባና በሆቴል ነው። የፋብሪካዋ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከራሷ ሳይሆን፣ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ፣ ከወንጂ ነው።

መጀመሪያ ባቡሩ ነበር። የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ (ያኔ ናዝሬት ሳትባል) መንገድ ላይ ያለች ጣቢያ ናት። ፋብሪካው የመጣው ዘግይቶ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ወጥታ እዚያ ያለው እርሻው አላዛልቅ ሲለው ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተዋዋለና አዋሽ ዳር ሰፊ መሬት ያዘ። ውሃው አለ፣ ሜዳው አለ፣ ሙቀቱ ለአገዳ ይስማማል፣ ሐዲዱም ቅርብ ነው። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር አመረተ። ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተከተለ።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ጂሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት ነበር፤ ተፈናቀሉ። አገዳ ቆራጩ ደግሞ በብዛት ከከምባታና ከሃዲያ መጣ፣ ካምፕ ተሠራለት። የካምፑ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበርና እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርስ በለዘ፣ ለዓመታት የጠጡት አንዳንድ ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው ተጎድቶ ጎበጡ። ስለ ወንጂ ሲወራ ስኳሩ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ለእኔ ግን ያ ጥርስም የፋብሪካው ታሪክ ነው።

በ1967 ደርግ ወረሰው። ከተማዋ ውስጥም የትራክተር መገጣጠሚያ አቋቋመ፤ የዛሬው አዳማ ግብርና ማሽነሪ የእሱ ልጅ ነው። ሁለቱ አሮጌ ስኳር ፋብሪካዎች አርጅተው ተዘጉና ዶዶታ ላይ በቀን 6,250 ቶን አገዳ መፍጨት የሚችል አዲስ ተተከለ።

ከዚያ የልብስ ስፌት ዘመን መጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በመስከረም 2011 ተመረቀ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ያው የድሮው ነው፣ የጅቡቲ መንገድ። ፈጣኑ መንገድ በ2007፣ አዲሱ ባቡር በ2009 ተመርቀዋል። ግን በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባላት ከምትፈቅድበት ሕግ) ስታስወጣ፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ መግባቱ ቀረ። ስኳር ቢያንስ ገዢው እዚሁ ነበር።

ስለ መብራትም ላንሳ፣ ያለሱ ፋብሪካ የለምና። ቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ጉብታዎች 51ና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች ተተክለውባቸዋል። ምሽት ላይ ቡና ይዘህ የሚሽከረከሩትን ማየት ደስ ይላል፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ።