«አርም ዶርስ» ማለት ምንድን ነው?

የአውሮፕላኑ በሮች እንደተዘጉ በድምፅ ማጉያው አጭር ትዕዛዝ ይሰማል፤ «ካቢን ክሩ፣ አርም ዶርስ ኤንድ ክሮስ ቼክ»። የተነገረው ለአስተናጋጆቹ ነው። ጉዳዩ ግን የሁላችንም ነፍስ ነው።

በሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ከታች በኩል ወደ ውስጥ ያበጠ ሳጥን አለው። በውስጡ የአደጋ ጊዜ መንሸራተቻው ተጣጥፎ ተቀምጧል። የመንሸራተቻው ጫፍ የተያያዘው ከአንድ የብረት ዘንግ ጋር ነው። «አርም» ማድረግ ማለት ይህን ዘንግ ከወለሉ ጋር ማቆላለፍ ነው። በብዙ አውሮፕላኖች አስተናጋጇ እጀታ ስታንቀሳቅስ ዘንጉ ይቆለፋል። በቦይንግ 737 ግን ጎንበስ ብላ በእጇ ነው የምታስገባው። «ክሮስ ቼክ» ደግሞ አንዷ የሌላዋን በር አይታ ስታረጋግጥ ነው።

ከዚህ በኋላ በሩ ከውስጥ ከተከፈተ ዘንጉ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ መንሸራተቻው ተጎትቶ ይወጣል፣ የጋዝ ሲሊንደሩም ይከፈታል። ጋዙ ብቻውን አይበቃም። በኃይል ሲገባ የአካባቢውን አየር እየሳበ ይዞ ይገባል። ያን የሚያህል ነገር በሰከንዶች ውስጥ የሚነፋው ለዚህ ነው። ሲደርሱ «ዲስአርም» ማድረግ፣ ማለትም ዘንጉን ከወለሉ ማላቀቅ፣ ከተረሳ መንሸራተቻው በከንቱ ይዘረጋል፤ ውጭ የቆመ ሠራተኛም ሊጎዳ ይችላል።

«አንዱ ሰማይ ላይ ቢከፍተውስ?» ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ልባችሁ ይረፍ። 11,000 ሜትር ላይ የውጭው አየር በጣም ስስ ነው። የካቢኑ አየር ግን ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ነው፤ ከአዲስ አበባ አየር ብዙም አይርቅም። ይህ ልዩነት በሩን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ5 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይጫነዋል። በሩ ለመከፈት ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ላይ መንቀሳቀስ አለበት። በዚያ ጫና የሰው ጉልበት አይችለውም። መሬት ሲቃረብ ግን ግፊቱ ይላላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ 200 ሜትር ገደማ ላይ የኤርባስ ኤ321 በር ከፍቶ ነበር። አውሮፕላኑ በሩ ክፍት እንደሆነ በሰላም አርፏል።

አምራቾች ሙሉ ተሳፋሪ በግማሹ በር ብቻ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ኤርባስ ኤ380 በ2006 ሲፈተን 873 ሰዎች በ78 ሰከንድ ወጥተዋል። በፈተናው ግን ሻንጣዬን ላውርድ የሚል ሰው አልነበረም። በእውነተኛ አደጋ መተላለፊያውን የሚዘጋው ይኸው ሻንጣ ነው። ታኮ ጫማም መንሸራተቻውን ሊቀድ ይችላል።

ጃንዋሪ 2፣ 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤ350 ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በትልቁ የድምፅ ማጉያው አልሠራም፤ ከ8 በሮችም 3ቱ ብቻ ነበሩ ለመውጫ ያገለገሉት። አስተናጋጆቹ እየጮኹ መሩ፣ ተሳፋሪውም በአብዛኛው ሻንጣውን ትቶ ተንሸራተተ። 379ኙም ሰዎች በሕይወት ወጡ።