ስካርና ምርቃና፦ የዕፁ ድርሻ ምን ያህል፣ የልብ ድርሻ ምን ያህል?

ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት ወይም ስለ ሐሺሽ ክርክር ሲነሳ አንዱ «ሁሉም ከዕፁ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሁሉም አእምሮህ ውስጥ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሄደው ቆመዋል። ሰው አስቀድሞ የሚጠብቀው ነገር ስሜቱንም አድራጎቱንም በእርግጥ ይለውጣል፤ ደሙ ውስጥ የገባውን መጠን ግን በጠብታ እንኳ አይቀንስም። ከታች ያሉት አባባሎች የሚስቱት ይህን ድንበር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየገፉት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ዕፁ አንድ ከሆነ ስሜቱም አንድ ነው»

አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኖርማን ዚንበርግ ጉዳዩን በሦስት ከፍሎ ያየው ነበር፦ ዕፁ፣ ሰውየው ይዞት የመጣው ልብ (ስሜቱ፣ ፍርሃቱ፣ ግምቱ)፣ እንዲሁም ቦታው ከነሰዎቹ። ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል።

ከእሱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ1953፣ የጃዝ ፒያኖ ይጫወት የነበረው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሃዋርድ ቤከር ማሪዋና የሚያጨሱ ሰዎችን አነጋግሮ አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲያጨሱ ምንም አልተሰማቸውም። ስሜቱ የመጣው ሦስት ነገር ከተማሩ በኋላ ነው፦ ጭሱን በትክክል መሳብና መያዝ፣ የሚሰማቸው ለውጥ ከዕፁ መሆኑን መለየት፣ በመጨረሻም ያንን ለውጥ «ደስ ይላል» ብሎ መቀበል። ሦስተኛውን የሚያስተምሩት አብረው የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጀማሪው ልቡ ሲመታ፣ አፉ ሲደርቅ፣ ላብ ሲያጠምቀው «አመመኝ» ይላል። ጎኑ ያለው የቆየ ቃሚ ያንኑ የልብ ምት «መጣ!» ብሎ ይቀበለዋል። አካሉ ላይ የደረሰው አንድ ነው፤ የተሰጠው ስም ግን ለየቅል ነው።

«ባዶ ነገር ሰጥተውት ከሰከረ አስመስሏል ማለት ነው»

ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በ2020 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት 33 ተማሪዎችን እንደ ግብዣ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል አቆየ። ሙዚቃ ነበር፣ ቀለማም መብራት ነበር። የተሰጣቸው ክኒን ከሳይሎሳይቢን (አስማተኛ እንጉዳይ ከሚባለው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ጋር የሚመሳሰል ዕፅ ነው ተባሉ። ክኒኑ ባዶ ነበር። በመካከላቸው የተሰገሰጉ ተዋንያን ግን ዕፁ የያዛቸው መስለው ይንቀሳቀሱ ነበር። ከተማሪዎቹ 61 በመቶው የሆነ ዓይነት ለውጥ እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ ሥዕሎቹ ሲንቀሳቀሱ ያዩም ነበሩ።

«ሰው ፊት ላለማፈር ብለው ነው» ሊባል ይችላል። አንጎል ግን ይሉኝታ አያውቅም። በ2003 የአንጎል ተመራማሪዋ ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቿ ኮኬይን ይወስዱ ለነበሩ ሰዎች ሜቲልፌኒዴት የተባለ አነቃቂ መድኃኒት በመርፌ ሰጥተው የአንጎላቸውን የስኳር ፍጆታ በምርመራ መሣሪያ ለኩ። መድኃኒቱ እንደሚሰጣቸው አውቀው ሲቀበሉት የታየው ጭማሪ፣ ሳይጠብቁት ከተሰጣቸው ጊዜ በ50 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። የመድኃኒቱ መጠን አንድ ነበር። ማስመሰል ይህን ቁጥር አያመጣም።

የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲተው ራሱን የሚያመው እውነተኛ ሕመም ነው፦ ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። ሆኖም በአውስትራሊያ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ24 ሰዓት ቡና የተከለከሉ ሰዎችን ካፌይን የወጣለት ቡና አጠጥተው ሕመሙ ሲቀንስ አይተዋል። «ካፌይን የለውም» ተብሎ በግልጽ የተነገራቸውም ቀሎላቸዋል። ሽታው፣ ሙቀቱ፣ ከስኒው የመጣው ልማድ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ረከቦቱና ጭሱ ቢታከሉበት ደግሞ ምን ሊሆን ነው!

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»

ተረቱ ያምራል፤ እንደ ሳይንስ ሲወሰድ ግን ሁለት ነገር ያምታታል፦ አልኮል የሚሠራውንና ሰው «ጠጥቻለሁ» ብሎ ስላመነ የሚያደርገውን።

ሁለቱን ለመለየት በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አላን ማርላትና ባልደረቦቹ ብልሃት ተጠቀሙ። ተሳታፊዎቹን አራት ቦታ ከፈሏቸው፦ ቮድካ ነው ተብለው ቮድካ የተሰጣቸው፣ ቮድካ ነው ተብለው ቶኒክ ብቻ የተሰጣቸው፣ ቶኒክ ነው ተብለው ቮድካ ያለበት የተሰጣቸው፣ ቶኒክ ነው ተብለው ቶኒክ የተሰጣቸው። ቮድካው በአምስት እጥፍ ቶኒክ ይበረዛል፣ የቶኒኩም ጋዝ አስቀድሞ እንዲወጣ ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን ምላስ ይታለላል። ለተሳታፊዎቹ የተነገራቸው ግን «የጣዕም ፈተና ነው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጠጡ» የሚል ነበር። 32 የመጠጥ ሱሰኞችና 32 ተራ ጠጪዎች ነበሩ። በሁለቱም ወገን ብዙ የጠጡት «ቮድካ ነው» የተባሉት ናቸው፤ ብርጭቆው ውስጥ በእውነት አልኮል መኖር አለመኖሩ ለውጥ አላመጣም። ይህ ውጤት «ሱሰኛ አንድ ጠብታ ከቀመሰ ራሱን መግታት አይችልም» የሚለውን እምነት ክፉኛ አናግቷል።

ዘዴው እንከን አለው። ከቶኒክ ጀርባ የሚደበቀው ትንሽ መጠን ብቻ ነው፤ ሲበዛ ሰውየው ራሱ ሲሽከረከርበት ያውቀዋል። ስለዚህ «ቶኒክ ነው ተብሎ አልኮል የተሰጠው» የሚለው ሦስተኛው ምድብ ከፍ ባለ መጠን ይፈርሳል። በ1962 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ቤተ ጸሎት በስቅለት ዕለት የተደረገው የሳይሎሳይቢን ሙከራም የወደቀው በዚሁ ነው፦ ከ20ዎቹ ተማሪዎች ለግማሾቹ ቆዳ የሚያቀላ ቫይታሚን ሰጥተው ሊደብቁ ቢሞክሩም ማን ምን እንደወሰደ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ገባቸው።

ወደ ብቅሉ እንመለስ። በቦሊቪያ የሚኖሩት ካምባዎች 89 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ እስኪወድቁ ይጠጡ ነበር፤ በአንትሮፖሎጂስቱ ድዋይት ሂዝ ዘገባ ግን በስካራቸው ድብድብም ስድብም አልታየም። ክሬግ ማክአንድሩና ሮበርት ኤጀርተን እንዲህ ያሉ ማስረጃዎችን ሰብስበው በ1969 እንዳሳዩት፣ ሰው ሰክሮ የሚያደርገው በአብዛኛው ማኅበረሰቡ «ሰካራም ይህን ያደርጋል፣ ይህንንም ይቅር እንለዋለን» ያለውን ነው። ከዚህ ተነስቶ «አልኮል ለጠብ ድርሻ የለውም» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። አልኮል ማመዛዘንን በእርግጥ ያደበዝዛል፤ ቁጣውን የሚመራበት ቦይ ግን ቀድሞ የተቆፈረ ነው። «መጠጡ ነው ያናገረኝ» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

«እኔን መጠጥ አይጥለኝም፣ ልቤ ጠንካራ ነው»

እዚህ ላይ የልብ ጥንካሬ ያበቃል። ሂሳቡ ይህ ነው፦ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ የተቀዳ 45 በመቶ አረቄ ደግሞ 14 ግራም ያህል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ቢራ የጠጣ ሰው ደሙ እስኪጠራ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ድፍረት፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጥሬ ሥጋ፣ ላብ ማውጣት ይህን ቁጥር አያንቀሳቅሱትም።

ቡና ላይ መተማመንማ ጭራሽ ያባብሰዋል። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ካፌይን ስካርን እንደሚመክት የተነገራቸው ጠጪዎች በቅልጥፍና ፈተና ከሌሎቹ የባሰ መደናቀፋቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ ሲያስቡት ቀላል ነው፦ «ሰክሬያለሁ» ብሎ የሚያምን ሰው ይጠነቀቃል፣ እርምጃውን ይቆጥባል፤ «ቡናው ይዞልኛል» ያለው ጥንቃቄውን ይተዋል።

በእኛ አገር የዚህ ክፉ ገጽታ ጨብሲ ነው። የመረቀነ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ሲጠጣ ጫቱ እንቅልፉን ስለያዘለት ስካሩ አይሰማውም፤ ስላልተሰማው ይጨምራል። ካቲኖን (የጫቱ ዋና አነቃቂ) ከአልኮሉ ቀድሞ ሲወርድ የተጠራቀመው መጠጥ በአንድ ጊዜ ይከመርበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያ ሰዓት ወደ ቤት የሚነዳበት ሰዓት ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ የቃመ ሰው የሚጠጣውን የሚቆጥረው በስሜቱ ሳይሆን በብርጭቆ ነው።

«የታወቀ ጫት ካልሆነ አያመረቅንም»

ግማሹ እውነት ነው። ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ያለው በትኩስ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ኃይሉ ወደሚያንሰው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ የሚጠቀልለውና ሌሊት ሲገሰግስ የሚያድረው ለዚህ ነው። በአንድ በርጫ ከ100 እስከ 200 ግራም ቅጠል ሲቃም ካቲኖኑ ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። እንግዲህ በግማሽ ሰዓት «ይሄ አወዳይ ነው፣ ያዘኝ!» ካለው ሰው ስሜት ውስጥ የስሙ ድርሻ ሳይኖርበት አይቀርም።

ዋጋም እንዲሁ ይሠራል። በ2008 በካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት አንድን ወይን ጠጅ አንዴ «10 ዶላር ነው»፣ አንዴ «90 ዶላር ነው» ብሎ ሲያቀምስ፣ ውድ የተባለው ይበልጥ ጣፈጠ፤ ደስታን የሚመዝነው የአንጎል ክፍልም ይበልጥ ሠራ። በለጬ ብሎ የከፈለበት ሰውም ከዚህ የተለየ አንጎል የለውም።

ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ዝምታና ድብርት ሲሆን ደግሞ «ጫቱ መድኃኒት ተረጭቶበታል» ይባላል። ሊረጭበት ይችላል፤ ድብርቱ ግን ባይረጭበትም ይመጣል፤ አነቃቂው ሲወርድ የሚከተል ነው። ጫት ባልተቃመ ሌሊት የሚመጣውን ዱካክም ጂኒ ጫቱን ሲጠይቅ ነው የሚሉ አሉ። አነቃቂ ነገር ሲቋረጥ ታፍኖ የከረመው ሕልም ያለበት የእንቅልፍ ክፍል ገንፍሎ ይመለሳል፤ ጂኒ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ጂኒ ያያል።

«ሳልቅም ማጥናት አልችልም» ለሚል ተማሪ ደግሞ አንድ ቃል፦ ሀራራውን የሚያስታግሰው ያው የፈጠረው ጫት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ትቶ፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰዓት ቢያጠና ልማዱን የሚቀሰቅሱት ምልክቶች ይቀንሱለታል።

«ደስ ብሎህ ከወሰድከው አይጎዳህም»

ፍርሃት የሐሺሽን ጭንቀት ሊያባብስ፣ የታመነ ጓደኛም ሊያረጋጋ ይችላል። መጠኑን ግን ማንም አያረጋጋውም። በተለይ በኬክና በከረሜላ የሚበላው ካናቢስ ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ «አልያዘኝም» ብሎ የደገመ ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሱበታል።

«የለመደ ሰው በመጠን አይሞትም»

ይህ ገዳይ ነው። በ1982 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሼፐርድ ሲገልና ባልደረቦቹ አይጦችን ሄሮይን አለማመዱ፤ ከዚያ ከፍተኛ መጠን ሰጧቸው። በለመዱት ክፍል ከተቀበሉት 32 በመቶው ሞቱ። ያንኑ መጠን በማያውቁት ክፍል ከተቀበሉት ግን 64 በመቶው። ጨርሶ ካልለመዱት 96 በመቶው። ሰውነት የለመደውን ክፍል፣ ሽታና ሰዓት ሲያይ ለዕፁ አስቀድሞ ይከላከላል፤ ምልክቶቹ ሲጠፉ ሳይዘጋጅ ይያዛል። ግምት ማለት እንግዲህ አይጥ እንኳ ሳታስብ የምትይዘው የሰውነት ዝግጅት ጭምር ነው።

ስለዚህ ከእስር ቤት ወይም ከማገገሚያ የወጣ፣ ወይም አገር የለወጠ ሰው የድሮ መጠኑን ቢወስድ አደጋው እጥፍ ነው፦ ልማዱ ቀንሷል፣ ቦታውም አዲስ ነው። እስትንፋሱ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቢጠሩት ካልነቃ አምቡላንስ ይጠራ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፤ ለብቻው አይተው። አሜሪካ ያሉ ወገኖች የሄሮይንና የመሰሎቹን ኃይል የሚሽረውን፣ በአፍንጫ የሚረጨውን ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይችላሉ። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ሄሮይኑ ወይም ፈንታኒሉ (ሄሮይን መሰል ኃይለኛ ዕፅ) ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሰውየው ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ቢልም ሐኪም ሳያየው አይለቀቅ።